አለቆች ከየት ይመጣሉ?
(ስለ ሎስ አንጀለስ አውራጃ የሸሪፍ መሥሪያ ቤት የተደረገ አጭር ጥናት)

አንድ ሰው ትልቅ መሥሪያ ቤት ለመምራት የሚበቃው በየትኛው መንገድ ሲመጣ ነው? ከበታች ተነሥቶ እያንዳንዱን ደረጃ ረግጦ የወጣው ይሻላል? ወይስ የቤቱን ሰው የማያውቅ፥ የቤቱም ሰው የማያውቀው እንግዳ? በክፍላችን ስለዚህ ጉዳይ በተደረገው ክርክር አንዱ ወገን «ከታች ያልጀመረ አለቃ ሞፈር ሳይጨብጥ ስለ እርሻ እንደሚያወራ ሰው ነው» ሲል፥ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አብሮ ያደገ ሰው የባልንጀራውን ጥፋት ይሸፍናል» እያለ ይመልስ ነበር።

እኔ በዚህ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እጨርሳለሁ፤ ከዚያም በኋላ ወደ ፖሊስ ኮሌጅ ለመግባት አሳብ አለኝ። ስለዚህ ጥያቄው ለእኔ የክርክር ማሟያ ብቻ ሆኖ አልታየኝም። አባቴ «ሹመት በዘመድ ነው» ይለኛል፤ አስተማሪያችን ደግሞ «ሹመት በትምህርትና በሥራ ነው» ይሉናል። የማንኛቸው ቃል ትክክል እንደ ሆነ ለመረዳት አንድ መሥሪያ ቤት መርጬ የአለቆቹን የሥራ ታሪክ መመርመር ጀመርሁ። የመረጥሁትም በአሜሪካ አገር፥ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት የሚገኘውን የሎስ አንጀለስ አውራጃ የሸሪፍ መሥሪያ ቤት ነው። ምክንያቱም በዚያ ሸሪፉ በሕዝብ ድምፅ ስለሚመረጥ፥ ቀድሞ ምን ይሠራ እንደ ነበረ ለሁሉ የተገለጠ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሸሪፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ሸሪፍ የሚለው ስም በጥንታዊው የእንግሊዝ ቋንቋ ሁለት ቃላት ተገጣጥመው የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም የአውራጃ ጠባቂ ሹም እንደ ማለት ነው። እንግሊዞች ወደ አሜሪካ በተሻገሩ ጊዜ ሹመቱን ከነስሙ ይዘውት ሄዱ። በአሜሪካ «ካውንቲ» የሚባለውን የአስተዳደር ክፍል እኔ በዚህ ጽሑፍ አውራጃ እያልሁ እጠራዋለሁ። በአብዛኛዎቹ አውራጃዎች ሸሪፉን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። በእኛ አገር የፖሊስ አዛዥ ይሾማል እንጂ በድምፅ ስለማይመረጥ፥ ይህ ሥርዓት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው።

የሸሪፉ ዋና ዋና ሥራዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው፥ የራሱ ፖሊስ በሌለው ስፍራ ሁሉ ጸጥታ ማስከበር ነው። ሁለተኛው፥ የአውራጃውን ወህኒ ቤት መጠበቅ ነው። ሦስተኛው፥ ፍርድ ቤቶችን መጠበቅና የዳኞችን ትእዛዝ ማስፈጸም ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ልስጥ። በሎስ አንጀለስ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶችና ሱቆች ያሉበት ሰፈር አለ። ይህ ሰፈር በከተማው ክልል ውስጥ ስለ ሆነ የሚጠብቀው የከተማው ፖሊስ ነው እንጂ ሸሪፉ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ሰፈር የተያዘ አንድ ሰው ክስ ተመሥርቶበት ፍርዱን በእስር የሚጠብቅ ከሆነ፥ የሚገባው ሸሪፉ ወደሚያስተዳድረው ወህኒ ቤት ነው። እንግዲህ የሸሪፉ ጠባይ የሚመለከተው የገጠሩን ሰው ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የሎስ አንጀለስ አውራጃ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበት፥ 88 ከተሞች ያሉበት ሰፊ አውራጃ ነው። ከእነዚህ ከተሞች ከ40 በላይ የሚሆኑት የራሳቸውን ፖሊስ ከማቋቋም ይልቅ ለአውራጃው ገንዘብ እየከፈሉ በሸሪፉ ይጠበቃሉ። ይህን ውል በ1954 የጀመረችው ሌክውድ የምትባል ከተማ ናት። በወህኒ ቤቶቹም ውስጥ ከ10,000 በላይ እስረኞች ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ከባድ ሥራ የሚመራ ሰው ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ከንቱ ነገር አይደለም።

የማዕረጉ መሰላል

ወደዚህ መሥሪያ ቤት የሚገባ ወጣት ሥልጠናውን ሲፈጽም «ዴፑቲ» ይባላል፤ ይህም ተራው የሸሪፍ ፖሊስ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሳጅን፥ ሌተናንት፥ ካፕቴን፥ ኮማንደር፥ ቺፍ፥ ረዳት ሸሪፍ፥ ምክትል ሸሪፍ የሚባሉ ማዕረጎች አሉ፤ ከሁሉም በላይ ሸሪፉ ይቀመጣል። ካፕቴኑ አንድ ጣቢያ ወይም አንድ ወህኒ ቤት ይመራል፤ ቺፉ ብዙ ጣቢያዎች ያሉበትን ክፍል ያዛል።

አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አዲሱ ዴፑቲ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው በጎዳና ላይ ሳይሆን በወህኒ ቤት ነው። ወጣቶቹ በመኪና ሆነው ሰፈር ለመጠበቅ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ ዓመታት በእስረኞች ጥበቃ ያሳልፋሉ። ስለዚህ ወህኒ ቤቱ ለብዙዎቹ የተመኙት ሥራ ሳይሆን ተራ የሚጠብቁበት ደጅ ነበር። የዚህ ነገር ጉዳት በኋላ ይታያል።

ሸሪፍ ለመሆን ግን መሰላሉን በሙሉ መውጣት ግድ አይደለም። ከ1989 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚሠራው ሕግ ለምርጫ የሚቀርበውን ሰው የሚመዝነው በትምህርቱና በሥራ ዘመኑ ነው። ከፍተኛውን የፖሊስ ሙያ የምስክር ወረቀት የያዘ ሰው በዚያው ይበቃዋል። ያለዚያ ግን የማስተርስ ዲግሪ ያለው ሰው 1 ዓመት፥ የባችለር ዲግሪ ያለው 2 ዓመት፥ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የጨረሰ 3 ዓመት፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብቻ የጨረሰ 4 ዓመት በሕግ አስከባሪነት የሠራ መሆን አለበት። ሕጉ ትምህርትንና ሥራን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ፥ የአንዱን ጉድለት በሌላው ይሞላል። ሕጉ የማይመዝነው ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጠባይ ነው።

ከ1932 እስከ 1998 የነበሩት ሦስቱ ሸሪፎች

መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው በ1850 ነው። እኔ ግን ከ1932 ጀምሬ ልተርክ፤ ምክንያቱም ከዚያ ዓመት እስከ 1998 ድረስ በ66 ዓመት ውስጥ በወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው ሚስተር ዩጂን ቢስካይሉስ ናቸው። ወደ መሥሪያ ቤቱ የገቡት በ1907 በጸሐፊነት ነበር። በ1929 የካሊፎርኒያ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ሲቋቋም የመጀመሪያው አዛዥ ሆነው ሠሩ፤ ከዚያም ተመልሰው በ1932 ሸሪፍ ሆነው እስከ 1958 ቈዩ። ከወረቀት ጸሐፊነት ተነሥቶ 26 ዓመት ሸሪፍ መሆን ለሥራ ጀማሪ ሁሉ የሚያጽናና ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ሚስተር ፒተር ፒቸስ ናቸው። እርሳቸው ያደጉት በፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ፥ በተለምዶ ኤፍ ቢ አይ በሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። በ1953 ምክትል ሸሪፍ ተደርገው መጡ፤ በ1958 ተመርጠው እስከ 1981 መሩ። እንግዲህ ሚስተር ፒቸስ ግማሽ እንግዳ፥ ግማሽ ቤተኛ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ከውጭ መጡ፥ ነገር ግን ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት አምስት ዓመት ቤቱን አጠኑ።

ሦስተኛው ሚስተር ሸርማን ብሎክ በ1956 በዴፑቲነት ተቀጥረው ደረጃውን አንድ በአንድ ወጡ። በ1982 ሸሪፍ ሆኑ፤ በ1998 ለምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በሹመታቸው ላይ ሳሉ ሞቱ።

በዚህ ረጅም ዘመን ሹመቱ የሚተላለፍበት መንገድ ራሱ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሚስተር ቢስካይሉስና ሚስተር ብሎክ መጀመሪያ የተቀመጡት በሕዝብ ድምፅ አይደለም፤ የቀድሞው ሸሪፍ ዘመኑን ሳይጨርስ ሲለቅ የአውራጃው ምክር ቤት ሾማቸው፤ በኋላ በተደረገው ምርጫ የተወዳደሩት በወንበሩ ላይ ሆነው ነው። በወንበር ላይ ያለውን ሸሪፍ በድምፅ ማሸነፍ ደግሞ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ኖረ። ስለዚህ ምርጫ ቢኖርም ቅሉ፥ ወራሹ አስቀድሞ በቤቱ ውስጥ ይታወቅ ነበር። እዚህ ላይ የአባቴ ቃል ግማሹ እውነት መሆኑን አየሁ፤ ዘመድ ማለት የሥጋ ዝምድና ብቻ አይደለምና። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አብሮ መሥራትም ዝምድና ይሆናል።

የተማረውና ከታች የወጣው ሸሪፍ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። በ1998 የተመረጡት ሚስተር ሊ ባካ የክርክሩን ሁለቱንም ወገኖች ደስ የሚያሰኙ ሰው ነበሩ። በ1965 በዴፑቲነት ተቀጠሩ፤ በወህኒ ቤት ሠሩ፤ ጣቢያ መሩ፤ ማዕረጉን ደረጃ በደረጃ ወጡ። ይህም ሳይበቃቸው እየሠሩ ተምረው በ1993 በሕዝብ አስተዳደር ከሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ። ልምድ ቢሉ ልምድ፥ ትምህርት ቢሉ ትምህርት ነበራቸው። ምክትላቸው የነበሩት ሚስተር ፖል ታናካም የሒሳብ አዋቂ ነበሩ፤ የጋርዲና ከተማ ከንቲባም ሆነው ሠርተዋል።

ነገር ግን በእነዚህ አለቆች ዘመን በወህኒ ቤቶቹ ውስጥ እስረኞች ይደበደቡ ነበር። ኤፍ ቢ አይ ጉዳዩን በምሥጢር ይመረምር ጀመር። በ2011 ከእስረኞች አንዱ ለመርማሪዎቹ ወሬ የሚያቀብል መሆኑ በታወቀ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እስረኛውን ስሙን እየለወጡ፥ ካንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እያዛወሩ ከመርማሪዎቹ ደበቁት። አንዲት መርማሪ ከቤቷ ደጅ ላይ «እናስርሻለን» ተብላ ተዛተባት። ሕግ አስከባሪው ሕግን ከለከለ ማለት ነው።

ፍጻሜውም ይህ ሆነ። ሚስተር ባካ በጥር 2014 ሹመታቸውን ለቀቁ። በ2016 ሚስተር ታናካ 5 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በ2017 ሚስተር ባካ ምርመራን በማደናቀፍና ለመርማሪዎች ሐሰት በመናገር ጥፋተኛ ተብለው 3 ዓመት ተፈረደባቸው፤ እስራታቸውንም በ2020 ጀመሩ። የአገሩ ትልቁ ወህኒ ቤት አለቃ ራሳቸው እስረኛ ሆኑ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የአስተማሪያችንም ቃል ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን ተረዳሁ። ከታች መጀመር ሥራውን ያስተምራል፤ ዲግሪም አእምሮን ይስላል፤ ሁለቱም ግን ለሰው ጠባይ ዋስ አይሆኑም። እንዲያውም ከውስጥ የወጣ አለቃ ልዩ ፈተና አለበት። የሚዳኘው ጥፋተኛ አብሮት የበላ፥ አብሮት ሌሊት የጠበቀ ጓደኛው ነው። በጭንቅ ቀን የረዳን ባልንጀራ አሳልፎ መስጠት ለማንም ይከብዳል። ይህ መልካም የሆነው የጓደኝነት ጠባይ፥ ተቈጣጣሪ ሲያጣ ወደ ክፉ ይለወጣል።

ከውጭ የመጡት

የአውራጃው ምክር ቤት ስለ ድብደባው የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑም በ2012 ባወጣው ሪፖርት ካመለከታቸው ነገሮች አንዱ እኔ ከላይ ያነሣሁት ነው፤ ይኸውም ወህኒ ቤት ወጣቶች ተራ የሚጠብቁበት ደጅ መሆኑ ቀርቶ ራሱን የቻለ የተከበረ ሙያ እንዲሆን፥ የሚመራውም በእስረኞች አስተዳደር ልምድ ያለው ሰው እንዲሆን ነው። በዚህም መሠረት በ2013 ወይዘሮ ቴሪ ማክዶናልድ በረዳት ሸሪፍነት ተሹመው መጡ። እርሳቸው ሥራቸውን የጀመሩት በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት ወህኒ ቤቶች በተራ ጠባቂነት ሲሆን፥ በዚያው ሙያ እስከ ከፍተኛ ኀላፊነት ደርሰው ነበር። በእኔ አስተያየት ከሹመቶቹ ሁሉ ይህ አስተዋይ ነበር፤ ለጎደለው ሥራ ያንኑ ሥራ የሚያውቅ ሰው ተፈልጓልና።

በኅዳር 2014 ሕዝቡ ሚስተር ጂም ማክዶነልን መረጠ። እርሳቸው በሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊስ ከ1981 ጀምሮ 29 ዓመት ያህል የሠሩ፥ ከዚያም የሎንግ ቢች ከተማ ፖሊስ አዛዥ የነበሩ ናቸው፤ ከላይ በተጠቀሰው ኮሚሽንም አባል ነበሩ። በሸሪፉ መሥሪያ ቤት ግን አንድ ቀን አልሠሩም። እንግዳ በመሆናቸው ጓደኛ የሚሉት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ከበታቾቻቸው ብዙዎቹ እንደ ባዕድ አዩአቸው።

በ2018 ምርጫ ሚስተር አሌክስ ቪያኑዌቫ የሚባሉ በሌተናንትነት ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤቱ ሰው አሸነፏቸው። በወንበር ላይ ያለ ሸሪፍ በድምፅ ሲሸነፍ ከመቶ ዓመት በላይ ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሚስተር ቪያኑዌቫም የዶክተርነት ማዕረግ ያላቸው ቢሆኑ፥ ካፕቴን፥ ኮማንደር፥ ቺፍ፥ ረዳትና ምክትል ሸሪፍ የሚባሉትን አምስቱን ደረጃዎች ሳይረግጡ ከሌተናንትነት ወደ ላይኛው ወንበር ዘለሉ። ዘመናቸውም ከአውራጃው ምክር ቤትና ከተቈጣጣሪዎች ጋር በክርክር አለፈ።

በ2022 ደግሞ ሕዝቡ እንደ ገና እንግዳ መረጠ፤ ሚስተር ሮበርት ሉናን። እርሳቸውም በ1985 በሎንግ ቢች ፖሊስ ተቀጥረው በ2014 የዚያው ከተማ አዛዥ የሆኑ ናቸው። ነገር ግን አንድ ብልኀት አደረጉ። ምክትል ሸሪፍ አድርገው የሾሙት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከዴፑቲነት ጀምረው ያደጉትን ወይዘሮ ኤፕሪል ታርዲን ነው፤ በዚህም ሹመት ወይዘሮ ታርዲ የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ሸሪፍ ሆኑ። እንግዳው አለቃ የቤቱን መንገድ የሚያሳየው ቤተኛ ምክትል አገኘ ማለት ነው።

ምርጫ ወይስ ሹመት?

ምናልባት አንባቢው «ይህ ሁሉ የመጣው ሸሪፉ በድምፅ ስለሚመረጥ ነው» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነን፥ ብዙ የአገራችን ሰዎች በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ ዙሪያ ያለው የኪንግ አውራጃ ነው። በዚያ በ1968 በጸደቀው የአውራጃው መተዳደሪያ ሕግ ምርጫው ቀርቶ ሹመት ሆነ፤ በ1996 ወደ ምርጫ ተመለሰ፤ በ2020 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ እንደ ገና ወደ ሹመት ለወጠው። በ2022 የተሾሙት ወይዘሮ ፓቲ ኮል ቲንዳል ቀድሞ በሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ የሠሩ፥ ፖሊሱን የሚቈጣጠረውንም መሥሪያ ቤት ለጊዜው የመሩ ናቸው። ሹመት እንዲህ ካለ ከተለየ መንገድ የመጣ ሰው ለማግኘት ይረዳል፤ ነገር ግን አንድ አውራጃ በአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት ጊዜ አሳቡን መለወጡ የአመራረጡ ሥርዓት ብቻውን ነገሩን እንደማይፈታ ያሳያል።

ከዚህ የምንማረው

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የአገራችን ተረት ሹመትን እንደ ማዕድ ያሳየናል። እኔ ግን ከዚህ ጥናት የተረዳሁት ሹመት ከማዕድ ይልቅ ሸክም መሆኑን ነው፤ ሸክሙም የሚከብደው ተቈጣጣሪ ለሌለው ሰው ነው። የሎስ አንጀለስ ሕዝብም ይህን አውቆ እንግዳና ቤተኛ እያፈራረቀ በመምረጥ ብቻ አልቆመም። በ2016 ከሲቪል ሰዎች የተውጣጣ ተቈጣጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2022 ደግሞ አምስት አባላት ያሉት የአውራጃው ምክር ቤት በአራት ድምፅ ከተስማማ በቂ ምክንያት ሲገኝ ሸሪፉን ሊሽር እንዲችል ሕዝቡ በድምፁ ፈቀደ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ ስለ አንድ አለቃ ስንሰማ ሦስት ነገሮች እንጠይቅ። ይህ ሰው ሥራውን በእጁ ሠርቶት ያውቃልን? ጓደኛው ሲያጠፋ ምን አደረገ? እርሱ ራሱ ሲያጠፋ የሚጠይቀው ማን ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ የሥራ ታሪኩ ይመልስልናል። ሁለተኛውን አብረውት የሠሩ ሰዎች ይነግሩናል። ሦስተኛውን የሚመልሰው ግን ሕግ ነው፤ ሕጉ ከሌለ የፊተኞቹ ሁለት መልሶች ምንም ያህል ያማሩ ቢሆኑ አንመካባቸው።

ከእኛ መካከል ነገ ዩኒፎርም ለብሶ ከተራው ፖሊስ ማዕረግ የሚጀምር ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ እሆናለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ አንድ እስረኛ ሲበደል ዐይቶ አለመሸፈን የሚጀመረው ከሸሪፉ ወንበር ሳይሆን ከዚያው ከመጀመሪያው ደረጃ፥ ከወህኒ ቤቱ በር ነው። መሰላሉን የምንወጣው በዚያ ቀን በያዝነው ጠባይ ነውና።